የእኔ እግርና የእሷ እግር

ጁባ ከመጣሁ በኋላ መጀመሪያ የወፈረው እግሬ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሰውነቴም አብሮ ወፍሮ ይሆናል፤ እኔ ግን የማየው እግሬን ነበር። መደብራችን ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ ስውል ጭኔ ወንበሩን ሞልቶ በግራና በቀኝ ይተርፋል። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ የቱ ጋ እንደሚጀምር ይጠፋኛል። ባለቤቴ ብስኩት፣ ፓስታና ዘይት በጅምላ ይሸጣል። እሱ ከመጋዘን መደብር፣ ከመደብር መጋዘን ሲመላለስ ይውላል፤ እኔ ተቀምጬ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ፣ ጄኔሬተሩም በጎን በኩል ሲያንጎራጉር፣ ዓይኔ ተከፍቶ ሰመመን ውስጥ እገባለሁ። ደንበኛው ሲናገር ከሩቅ፣ ከውሃ ማዶ የሚናገር ይመስለኛል። ዓመታቱም ኪሎውም ሳላያቸው የገቡት በዚያ ሰመመን ውስጥ ሳለሁ መሰለኝ።

እርግጥ እግራችን የዘር ነው። ኮምቦልቻ ያሉት እናቴም አክስቶቼም ጭናቸው ሰፊ፣ ባታቸው ሙሉ ነው። ልጅ ሆኜ ሰርግ ቤት ውስጥ ከኋላ ያዩኝ ሴቶች ፊቴን ሳያዩ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይናገሩ ነበር። እግሬን ጠልቼው አላውቅም። መታዘብ የጀመርኩት ጉልበቴን ሲያመኝ ነው። ሰላት ላይ አጥፌው መቀመጥ አቃተኝ። በመጨረሻ ወንበር አመጣሁና በእኔ ዕድሜ እንደ ባልቴት ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀመርኩ። ባለቤቴ ይህን አየ። ከጥቂት ቀን በኋላ አማራት በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የአገራችን ልጅ ፊዚዮቴራፒ እንደሚሠራ ጠይቆ መጣና፣ መደብሩን እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ አለኝ።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ጠባብ ኮሪደር ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ ሁለት እግሮቿን ከፊቷ ዘርግታ ትመለከታቸዋለች። ቀኙ እንደማንኛውም እግር ነው። ግራው ግን ባት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ ዘንግ ይመስላል። ዓይኔን ላሸሽ ብል እምቢ አለኝ። ከአጠገቧ ተቀምጬ ለባለቤቴ ስደውል አማርኛዬን ሰማችና ቀና አለች። ከዚያ በተራዋ የእኔን እግር ከላይ እስከ ታች አየችው። ቀሚሴ ረጅም ቢሆንም ስቀመጥ የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

«ከአንቺ ትንሽ ቢቆረስልኝ ሁለታችንም እንድን ነበር» አለችኝ፣ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀችና ሱሪዋን ዝቅ አደረገች፤ ተራችን እስኪደርስም ስናወራ ቆየን። የተወለደችው እዚሁ አገር ነው። በሕፃንነቷ እናቷ ይዛት ጋምቤላ ገባች፤ ካደገች በኋላ አዲስ አበባ ተማረች፤ ከዚያ ተመልሳ መጣች። አማራት ያለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ሰላምታዋ በጁባ ዓረብኛ፣ የሥራ ወሬዋ በእንግሊዝኛ ነው፤ የምትናደደው ደግሞ በአማርኛ። ቦዳ ከሚሉት ሞተር ሳይክል ላይ ወድቃ ግራ እግሯ ተሰብሮ ብዙ ጊዜ በጀሶ ታስሮ ነበር። አጥንቱ በደንብ ገጥሟል። «ጀሶው ሲፈታ ግን ውስጡ የነበረው እግር የእኔ አይደለም» አለችኝ። ስትራመድ ያነክሳታል። እንግዳ ፊት ስትቆም ደግሞ ቀኙን ከፊት እያደረገች ግራውን ትደብቀዋለች።

ፊዚዮቴራፒስቱ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነው። ዶክተር ስንለው ዶክተር አይደለሁም ይላል፤ እኛም መልሰን ዶክተር እንለዋለን። ጉልበቴን አጥፎ ዘርግቶ አየልኝና መገጣጠሚያው እንዳልተበላሸ፣ የተሸከመው ግን እንደበዛበት ነገረኝ። የምግቤን ነገር አስተካክዬ፣ መጀመሪያ በእግር መሄድ፣ ጉልበቴ ሲለምድ ደግሞ ቀስ ብዬ መሮጥ እንዳለብኝ መከረኝ። እሷም በተራዋ ገብታ የሰማችው ያንኑ ነው፦ መጀመሪያ መሄድ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መሮጥ፣ የደከመው እግር ሥራውን እንዲያስታውስ። እኔ እንዲቀንስልኝ፣ እሷ እንዲጨምርላት ፈልገን ሄደን ሁለታችንንም ወደ አንድ መንገድ ላከን። ስንወጣ የስልክ ቁጥር ተለዋወጥን። እሷ ኮር ዊሊያም ትኖራለች፣ እኔ ንያኩሮን። ጠዋት መንገድ ላይ ለመገናኘት ተስማማን።

ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሰው የሰውን ፊት መለየት እስኪችል እጠብቃለሁ። ከዚያ ቱታዬን ከረጅም ሸሚዝ ጋር ለብሼ፣ ሻርፔን ጠበቅ አድርጌ እወጣለሁ። ባለቤቴ የግቢውን በር ከፍቶ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ ይሸኘኛል። በዚያ ሰዓት ጁባ ሌላ ከተማ ናት። ቀን ቀን ጉሮሮ የሚዘጋው ቀይ አቧራ ገና መሬት ላይ ተኝቷል። ጄኔሬተሮቹ ዝም ብለዋል። ከከተማው ወዲያ ያለው፣ ጀበል የሚሉት ድንጋያማ ተራራ እግሩ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ ከመሬት ተነቅሎ የተንሳፈፈ ይመስላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የቆሻሻው ክምር ላይ በአንድ እግራቸው ቆመው ያንቀላፋሉ። እሷ እነሱን ባየች ቁጥር «እነሱም አንደኛው እምቢ ብሏቸው ነው» ትላለች። ማንጎ ዛፎቹ ሥር ስንደርስ አየሩ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ስናልፋቸው ደግሞ ለብ ይላል። በቤት ውስጥ ክፍሎች መሀል የምንሄድ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ጠዋቶች እንዲሁ በእግር ሄድን። ብዙም አናወራም። እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው የሚያወራው ወሬ ደግሞ ልዩ ነው፤ እሷ ጋምቤላ ስላለው ወንዝ ትጀምርልኛለች፣ እኔ ሳልጠይቃት መሀል ላይ ታቆመዋለች፣ በሌላ ቀን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ጉልበቴ ሲሻለው አንድ ቀን መሮጥ ጀመርን። መሮጥ ከተባለ፤ ዕቃ የያዘ ሰው ከሚፈጥነው አይበልጥም። ቢሆንም የእኔ ጫማ መሬቱን ሲመታ፣ የእሷ ደግሞ ጠንከር ላላ፣ ጠንከር ላላ እያለ ሲከተለኝ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፁ ትልቅ ነበር። ከአጥሯ ፊት ለፊት ደጇን የምትጠርግ አንዲት አሮጊት ነበረች። በእግር ስናልፍ ሁልጊዜ እናያታለን። ያን ቀን እየሮጥን ስንመጣ ስታየን መጥረጊያዋ ከእጇ ወደቀ። ወደ እኛ አላየችም፤ ያየችው ከኋላችን ያለውን መንገድ ነው። ከዚያ ወደ ግቢዋ ዞራ ሁለት እጆቿን ወደ ውስጥ እያርገበገበች ሕፃናቱን ስትጠራ ሰማናት።

ጓደኛዬ ወዲያው ቆመች። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እያነከሰች ሄዳ የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

«ፊ ሹኑ?» አለች አሮጊቷ። ምን መጣ ማለቷ ነው።

«ማፊ ሃጃ፣ ማማ። ሪያዳ ሳኪት።» ምንም የለም እማማ፣ ስፖርት ብቻ ነው።

አሮጊቷ የእኔን እግር አየች፣ የእሷን አየች፣ ከዚያ መንገዱን ደግማ አየችው። ስፖርት መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ጓደኛዬ እጇን ሳትለቅ ቆየች፤ መጥረጊያውንም አንስታ ሰጠቻት። ሕፃናቱ ተመልሰው ወጡና ከአጥሩ ሥር ሆነው አዩን። መንገዳችንን ስንቀጥል በእግር ነበር። እዚህ ከተማ ሰው ጠዋት የሚሮጠው ተኩስ ሲሸሽ ብቻ እንደነበረ ያን ጊዜ ነገረችኝ። እሷም ሕፃን ሆና፣ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ሲሮጥ ከምታስታውሰው ሌላ የአገሯ የልጅነት ትዝታ የላትም። የምታስታውሰው የእናቷን አንገትና ወደ ላይ ወደ ታች የሚለውን ሰማይ ነው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እኔ እጇን ይዤ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ያለበት ደጅ ስንደርስ ከሩቁ ቀስ እንላለን፣ ሰላም እንላለን፣ ምላሹን ሰምተን እንደገና እንሮጣለን። አካሄዳችን ሩጫም እርምጃም ያልሆነ ነገር ሆነ። ሰዉ ለመደን። አሮጊቷም ለመደችን፤ አንዳንድ ቀን እየሳቀች «ጀሬ፣ ጀሬ» ትለናለች፤ ሩጡ፣ ሩጡ ማለቷ ነው።

ሰውነቴ መቀነስ ሲጀምር መጀመሪያ የሄደው ፊቴ ነው። ጉንጬ ጎደለ። ከዚያ ደረቴ፣ ከዚያ ወገቤ። የመደብሩ ደንበኞች ወባ ይዞሽ ነበር እንዴ እያሉ ጠየቁኝ። ባለቤቴም የነጋዴ ሚስት ስትከሳ ሰው ንግዱ የወደቀ ይመስለዋል ብሎ እየቀለደ፣ ማታ ማታ ግን ሳህኔን በዓይኑ ይከታተል ነበር። እግሬ ብቻ ቁጭ ብሏል። እንዲያውም ብሶበታል። ሱሪዬ ወገቡ ላይ ይሰፋኛል፣ ጭኑ ላይ እንደበፊቱ ይይዘኛል። ባቴን ስነካው ድሮ ሊጥ የነበረው አሁን እንደ ጥሬ ማንጎ ጠጥሯል፤ መስታወት ፊት ስቆምም የጨመረ መሰለኝ። ከጎናችን ጨርቅ የምትሸጥ የአገሬ ሴት ደግሞ፣ ሩጫ እግር ያወፍራል፣ የኳስ ተጫዋቾችን ጭን አላየሽም ወይ አለችኝ። ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ላይዋ የሌላ ሰው፣ ታችዋ የእኔ የሆነች ሴት በህልሜ አየሁ። ስነቃ ሆድ ብሶኝ ነበር። ሰገድኩና ወደ ውጭ ሳልወጣ ቀረሁ፤ ለጓደኛዬም መሮጥ እንደተውኩ በስልክ ጻፍኩላት።

መልስ አልላከችም። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጣ መደብሩ መጣች። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አየችኝ።

«ሩጫው እግርሽን አወፈረው?» አለችኝ።

«አወፈረው።»

«እንግዲያው የእኔን ለምን አላወፈረውም? አብረን አይደል የሮጥነው?»

ሱሪዋን ሰብስባ ግራ እግሯን አሳየችኝ። ያው ነው። እሷም እንደ እኔ ስትጠብቅ፣ ጠዋት ጠዋት በጣቷ እየለካች ስትከፋ ከርማ ኖሯል፤ ተስፋ እንዳልቆርጥባት ብላ ዝም ብላኛለች። ባለቤቴ ከካርቶኖቹ መሀል ሆኖ ሲሰማ ቆየና፣ ሁለታችሁም ተያይዛችሁ የላካችሁ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ክሰሱት አለን።

ሄድን። ፊዚዮቴራፒስቱ ክሳችንን እስከ መጨረሻው ሰማ። ፈገግ ቢልም አልቀለደብንም። ሰውነት ስቡን ሲያወጣ እኛ ካዘዝነው ቦታ እንደማይጀምር ነገረኝ። አንዳንዱ ከፊቱ፣ አንዳንዱ ከሆዱ ይጀምራል፤ እንደ እኔ ዓይነት ሴት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዳሌዋና ጭኗ መጨረሻ ነው። እኔ የጅምላ ነጋዴ ሚስት ነኝና ነገሩ በመጋዘናችን ገባኝ፤ ከግድግዳው ጋር የተደረደረው ካርቶን የሚወጣው ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ነው። የባቴን መጠጠር ጠየቅኩት። ሥራ ያልለመደ ጡንቻ ሲጀምር ውሃ ቋጥሮ ትንሽ እንደሚነፋ፣ ከጊዜ በኋላ እንደሚረጋ፣ በላዩ ያለው ስብ ገና ስላልሄደ ሁለቱ ተደራርበው የወፈርኩ እንደሚመስለኝ አስረዳኝ። የኳስ ተጫዋቹ ጭን የሚወፍረው ብረት እያነሳ፣ በአጭር ርቀት በኃይል እየተፈተለከ ነው፤ የእኛ ዓይነት ዝግ ያለ ሩጫ ያን ያህል ጡንቻ አይገነባም አለኝ።

«ስለዚህ ይቀጥናል?» አልኩት።

«ይቀንሳል። ግን የእናትሽን እግር ሩጫ አይቀይረውም። አጥንቱም ቅርጹም የአንቺ ነው፤ የሚሄደው የተጨመረው ነው።»

ለእሷ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው። ስትሮጥ ሸክሙን ሁሉ ለቀኙ እየሰጠች ግራውን እያሳረፈችው ስለሆነ ሩጫው ብቻውን እንደማይበቃት ነግሯት፣ ግድግዳ ይዛ በግራ እግሯ ብቻ ተረከዟን ከፍ ዝቅ እንድታደርግ አሳያት። ምሳ እየዘለለች እንደምትውል ሲሰማ ተቆጣት፤ ምስር፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ያገኘችውን እንድትበላ መከራት። ስንወጣ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር፤ የሕንፃ ጥላ እየፈለግን እንደ ልጅ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልን ሄድን። በነጋታው እንደገና ሮጥን።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆነ፤ በየጉድጓዱ የተኛው ውሃ ውስጥ ሰማዩ ይታያል። ጫማችን ጭቃ ተሸክሞ ሲከብድ እሷ፣ ይኸው እግሬ ወፈረ ትላለች። አንዳንድ ቀን ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ይሞላዋል፤ ከፊቴ የምትሮጠው እሷ ጥላ ብቻ ትሆናለች፤ ሰላም የምንላቸው ሰዎች ሳይታዩን ድምፃቸው ብቻ ይመልስልናል። እንዲያ ባሉ ቀናት ሰውነቴ የት እንደሚያበቃና አየሩ የት እንደሚጀምር አላውቅም ነበር። እግሬን ረሳሁት። ወፍሮ ይሁን ቀጥኖ ማየት ተውኩ። ተኝቼ የምሮጥ፣ እየሮጥኩ የምተኛ እመስል ነበር።

አንድ ጠዋት እንደዚያ ከኋላዋ ስሮጥ አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አዳመጥኩ። እግሯ ሲያርፍ የምሰማው ጠንከር ላላ የሚለው ነገር የለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ይመታሉ። የጎደለው እሱ ነበር። ምናልባት ጭቃው ይሆናል ብዬ ደረቅ ያለ ቦታ እስክንደርስ ጠበቅኩ። እዚያም ያው ነው። ጠራኋትና ቆመች።

«እግርሽ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እኔ ልሩጥ፣ አንቺ ስሚ አለችኝ። መንገዱ ዳር ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ርቃ ሄደች፤ ከዚያ ስትመጣ ሰማኋት። ጭጋጉ ድምፁን አቅርቦት ጆሮዬ ሥር የምትሮጥ ያህል ነበር። የትኛው ግራ፣ የትኛው ቀኝ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ዓይኔን ስከፍት ከፊቴ ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች የምለውን ትጠብቃለች። ፊቴን አይታ ገባት። ዛፉን ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። የግራ ባቷ ያን ጊዜ ገና ከቀኙ ያነሰ ነበር። ኃይሉ ከመልኩ ቀድሞ ተመልሶላታል።

የእኔን ደግሞ ያወቅኩት ሰላት ላይ ነው። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነበር። ሱብሂ እየሰገድኩ፣ ሐሳቤ ገና ከእንቅልፍ ሳይመለስ፣ እግሬን አጥፌ መስገጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ወንበሩን ትናንት ባለቤቴ እንግዳ መጥቶበት ሳሎን ወስዶት ኖሯል፤ እኔም መኖሩንም አለመኖሩንም ሳላስተውል ነው መሬት የተቀመጥኩት። ጭኔ ባቴ ላይ አርፏል፤ ተረከዜ ከሥሬ ይሰማኛል። ሰላቱን ጨርሼ አልተነሳሁም። ጎህ በመስኮቱ እስኪገባ እንደዚያው ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ሊሸኘኝ ሲመጣ አይቶኝ በሩ ላይ ቆመ። «አልሃምዱሊላህ» ብቻ ብሎ ወጣ። ያን ቀን ሱሪዬን ስለብስ ጭኑ ላይ በእጄ የሚያዝ ትርፍ ጨርቅ አገኘሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

ለዒድ ኮምቦልቻ ሄድኩ። እናቴ በር ላይ ስታየኝ እንደፈራሁት፣ ከስተሻል፣ መነመንሽ፣ ምን ነካሽ አለች። እስክታምን ድረስ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ሩጫው፣ ስለ ጓደኛዬም ሁሉንም ነገርኳት። ማታ እግሬን ልታጠብ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቀሚሴን ሰበሰብኩ። እናቴ መብራቱ ሥር ቆማ ባቴን ረጅም ጊዜ አየችው። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና መዳፏን ባቴ ላይ፣ ጡንቻው ከሚከፈልበት መስመር ላይ አሳረፈች።

«እኔ ሳላገባ እንዲህ ነበርኩ» አለችኝ።

ውሃ ለመቅዳት ቁልቁለት ወርዳ ዳገት ትወጣ በነበረ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እግሯን ያደንቅ እንደነበር አጫወተችኝ። ከዚያ ወለደች፣ ቤት ዋለች፣ እግሯም ከሥር ተቀበረ። ሁልጊዜ ሰፊ አድርጌ የማውቀው የእናቴ እግር ውስጥ ሌላ እግር እንደነበረ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀጭን እግር እመኝ የነበርኩት እኔ፣ ያላየሁትን የእናቴን የወጣትነት እግር ይዤላት መጥቻለሁ። እጇን ሳታነሳ ቆየች፤ በሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁለታችንም አልተነሳንም።

ጁባ ስመለስ ደረቁ ወቅት ገብቶ አቧራው ቦታውን ይዟል። ጓደኛዬ ለአጎቷ ልጅ ሰርግ እኔንና ባለቤቴን ጠራችን። ሰርጉ ንያኩሮን በሚገኘው የባህል ማዕከል አዳራሽ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ዕድሜዬን ሰርግ ያየሁ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዝላይ ግን አላየሁም። ከበሮው ሲሞቅ ወጣቶቹ ባሉበት ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይነሳሉ፤ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ የሚቆዩ እንጂ የሚወርዱ አይመስሉም። እሷ ከተሰበረች ወዲህ ሰርግ በመጣ ቁጥር ተቀምጣ ታጨበጭብ እንደነበር አውቃለሁ። ከአጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቷን ታንቀጠቅጣለች።

የአጎቷ ልጅ፣ ሙሽራዋ ራሷ፣ መጥታ እጇን ያዘቻት። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩላት። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች ያበቃል፤ ሁለቱም እግሮቿ ይታያሉ፤ ግራውን ከኋላ አላደረገችውም። መሀል ገብታ መጀመሪያ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ተነሳች። ከላይ ባለው መስኮት የሚገባው ብርሃን አቧራውን ወርቅ አድርጎታል፤ እሷ በዚያ ውስጥ ወጥታ ስትወርድ፣ ወጥታ ስትወርድ እግሯን እከተል ነበር። ልቤ ከእሷ ጋር ይነሳል፣ ከእሷ ጋር ያርፋል። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ የተሰበረው የቱ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ሳስብ ቆይቼ ነገርኩት።

በመጨረሻ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። እንደ እነሱ መዝለል አልችልም፤ ባለሁበት ከመሬት ትንሽ ከፍ እያልኩ አብሬያቸው ቆየሁ። ሴቶቹ ከበቡኝና «ኩዌስ፣ ኩዌስ»፣ ጎበዝ ጎበዝ፣ እያሉ አጨበጨቡልኝ። እግሬ ያው ትልቅ እግር ነው፤ ሙሉ፣ የእኛ ቤት እግር። ግን ይነሳል፣ ያርፋል፣ አያመኝም። አዳራሹ፣ ከበሮው፣ ብርሃኑ ዙሪያዬን ሲሽከረከር የት አገር እንዳለሁ ለጊዜው ጠፋኝ፤ መጥፋቱም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንም አልሮጥንም። ደውላ፣ ባቴ አልታዘዝ አለኝ አለችኝ። የቱ ባትሽ ስላት፣ ሁለቱም አለችኝ።